ቀንድ ለተተከለበት ሙት

እትዬ አገርነሽን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ቢኖር፣ ሰው ሞቶበት የማያውቅ ብቻ ነው። ቀን ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ በደመወዟም ትተዳደራለች። ስሟን ያስጠራው ግን አልቃሽነቷ ነው። ለቅሶ ቤት ገብታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ በር ላይ ቆሞ ስለ እህል ዋጋ ሲያወራ የነበረው ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል።

እንደ ሌላው አልቃሽ ግን ዝም ብላ አትጀምርም። አስቀድማ የሟቹን ዘመድ ወደ ጓዳ ጠርታ ትጠይቃለች። «ምን ይወድ ነበር? ማንን አበላ? ጥፋቱስ ምን ነበር?» የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዘመድ ይቆጣል።

«እትዬ፣ በሙት ላይ ምን ጥፋት ይወራል?»

«የማላውቀውን ሰው አላለቅስም። ጥፋት የሌለበት ሰው የተወለደው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ተነሥቷል» ትላለች።

አንድ ጊዜ በገብጋባነቱ የታወቀ ነጋዴ ሞተ። ልጆቹ «ቸር ነበር በይልን» አሏት። «ቸርስ አልነበረም፤ ሌላ ንገሩኝ» ብላ ጓዳ ውስጥ ቁጭ አለች። ለቀስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ልጆቹ ሲጨንቃቸው ጊዜ፣ እናታቸው አልጋ ላይ በዋለችባቸው ዓመታት አባታቸው ሌላ ሰው ሳያስነካ ራሱ ያጥባት፣ ራሱ ያጎርሳት እንደ ነበር አወጡ። እሷም ወጥታ፣ እጁ ለሰው አጥሮ ለሚስቱ የረዘመ ሰው ብላ አለቀሰችው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያሙት የኖሩት ጎረቤቶች ተንሰቀሰቁ። «በውሸት የተለቀሰለት ሙት ሁለተኛ ይሞታል» ትል ነበር አገርነሽ።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት አፏን የዘጋችው።

አምሐ የሚባል የወንድሟ ልጅ ነበራት። ወንድሟ ሲሞት ሕፃኑን ከዘጌ አምጥታ አሳደገችው፤ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ ይማር ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት። ከዚያ አንድ ጠዋት አስፋልት ዳር፣ ዘንባባ ሥር ተጋድሞ ተገኘ። «የቀበሌ ዘብ የገደለ ነፍሰ ገዳይ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ዘቡ በተገደለበት ቀን አምሐ ከአክስቱ ጋራ ዘጌ ቡና ሲለቅም ነበር። በጀልባ ያሻገራቸው ሰው ያውቃል፤ አብረዋቸው የለቀሙት ሰዎች ያውቃሉ፤ እራት ያበሏቸው ቄስ ያውቃሉ። ማን ይጠይቃቸው? ማልቀስም ክልክል ሆነ። ለፀረ ሕዝብ ያለቀሰ እሱም ፀረ ሕዝብ ነው ተባለ። ነጠላ መዘቅዘቅ የለ፣ ድንኳን መጣል የለ፣ ደጅ ላይ መቀመጥ የለ።

ይህም አልበቃቸውም። በአብዮት በዓል ዕለት የቀበሌው ኪነት ቡድን በአዳራሹ ድራማ አሳየ። ነፍሰ ገዳዩን ሆኖ የወጣው ልጅ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፤ አገርነሽ ለአምሐ በእጇ የሠራችለት፣ ሲወስዱት የለበሰው ሹራብ ራሱ ነው። ከቄራ የመጣ የበሬ ቀንድ ግንባሩ ላይ በጨርቅ ታስሮለት፣ እያጓራ መድረኩን ዞረ። ሕዝቡ እንዲስቅ ይጠበቅበት ነበርና ሳቀ። እሷንም ጠርተው ፊት ለፊት አስቀምጠዋታል። ያን ድራማ ያዘጋጀ ሰው ቤቱ ገብቶ በዚያ እጁ እንዴት እንጀራ እንደ ቆረሰ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አገርነሽ ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ጥግ ትቀመጣለች፣ ድምፅ ግን አታወጣም። ሲለምኗት «የቤቴን ሳላለቅስ የሰው አላለቅስም» ነው መልሷ። ጉሮሮም እንደ ቢላ ነው፤ ካልሳሉት ይዶለዱማል። ይህን ከሁሉ አብልጣ የፈራችው ዘይነት ነበረች። ዘይነት ከአገርነሽ ቤት ጋራ አጥር የምትጋራ፣ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላት ጓደኛዋ ናት።

«አገሬ፣ ልጁን ሳታለቅሺው ልትሞቺ ነው እኮ።»

«እንግዲያማ ሰማይ ቤት አለቅሰዋለሁ።»

«እዚያማ እሱ ራሱ አለ! ፊቱ ቆመሽ ሞትህብኝ ልትይው ነው?»

ሁለቱም ይስቃሉ። አገርነሽ ስትስቅ ግን ዓይኗ አይስቅም ነበር።

ቴሌቪዥን ለቀበሌያችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ከጓድ አዘዘ ኪስ አይወጣም። ያኔ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ሆኖ ያን የቀንድ ድራማ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ በዚያው ተሹሞ ሊቀመንበር ሆነ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ይከፈታል፤ ሰው አግዳሚውን ሞልቶ መሬት ላይ ይቀመጣል። የውጭ ፊልም በእንግሊዝኛ ነውና የታሪክ አስተማሪው መምህር ክንዱ ከሣጥኑ ጎን ቆሞ በአማርኛ ይነግረናል። ተዋናዩ አንድ ቃል ሲተነፍስ ክንዱ አምስት ይናገራል፤ ተዋናዩ ብዙ ለፍልፎ ሲያበቃ ደግሞ «እምቢ አለ» ብሎ ይጨርሰዋል። እኛም የምንሄደው ፊልሙን ሳይሆን ክንዱን ልናይ ነበር።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ተከታታይ ፊልም መታየት ጀመረ፤ ቫይኪንግ ስለሚባሉ የጥንት የሰሜን ባሕር ሰዎች ነው። ዋናው ሰው የኖርዌይ ንጉሥ ሐራልድ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ከአውሬ አሳንሰው ነው የሠሩት። ቆቡ ላይ ሁለት ቀንድ፤ መጠጫው የሰው ራስ ቅል፤ ከሚናገረው የሚያጓራው ይበዛል። በመጀመሪያው እሑድ በመርከብ መጥቶ ደሴት ላይ ያለ ገዳም ወረረ። መነኮሳቱን አረዳቸው፤ መስቀሉን በእግሩ ረገጠ።

ይህን እንግዲህ ለማን ያሳያሉ? ከአዳራሹ ደጅ ቆሞ ጣናን ለሚያይ ሰው! ደሴት ላይ ካለ ገዳም ልጁን ክርስትና ላስነሣ፣ አባቱን ለቀበረ ሰው! ሴቶቹ «የክብራን ገብርኤል ያለህ!» እያሉ ጮኹ።

«እኔ የምለው» አለች ዘይነት፣ «እነዚያ መነኮሳት መርከቡ ከሩቅ ሲመጣ አያዩም? የኛዎቹ ቢሆኑ ገና ሸራው ብቅ ሲል ደወል ደውለው ጫካ ገብተው ነበር።»

አገርነሽ ግን አልሳቀችም። ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ «አንተ ቀንዳም! ዘር አይውጣልህ!» ብላ ረገመችው። በሁለተኛውም እሑድ ረገመችው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የማሽላ አገዳ ግንባሩ ላይ አስሮ ሐራልድ ነኝ እያለ ይዋጋ ጀመር። እሷ በመንገድ ስታልፍ ያን ቀንድ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ለምን እንደምታዞር ልጆቹ አያውቁም፤ ትልልቆቹ እናውቃለን።

በሦስተኛው እሑድ ፊልሙ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አሁን ይመጣል ብሎ ሰው ተቀመጠ።

«ለመሆኑ መምህር» አለች ዘይነት፣ «ይህ አውሬ በእውነት የነበረ ነው ወይስ ፈረንጅ የፈጠረው?»

«ነበር» አለ ክንዱ። «ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የኖረ ንጉሥ ነው። ቀንዱ ግን አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም? እያየነው!»

«የዚያ ዘመን ተዋጊዎች የቀንድ ቆብ ማድረጋቸውን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። ብዙ ዘመን ቆይቶ የመጣ ሰው ለትያትር ማሳመሪያ የጨመረው ነው። አንዱ ከአንዱ እየተቀባበለ እዚህ ደረሰ።»

አገርነሽ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ገዳሙንስ? ገዳሙንም አልነካም ሊሉኝ ነው?»

«ገዳም መዘረፉስ እውነት ነው፤ የሱ አገር ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው ብዙ ገዳም ዘርፈዋል። እንዲህ ባለ ደሴት ላይ የተደረገው የታወቀው ዘረፋ ግን ሐራልድ ሳይወለድ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ለሱ አሸከሙት እንጂ። እሱማ ክርስቲያን ነበር። ወንድሙ ቅዱስ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን የታነጸለት ነው። ራሱ ቁስጥንጥንያ ወርዶ የንጉሥ ዘበኛ ሆኗል። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ፣ በዮርዳኖስ ታጥቦ ተመልሷል ብለው የአገሩ ሰዎች ጽፈዋል።»

በእኛ አገር ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫ ይነሡለታል።

«ኢየሩሳሌም በተሳለመ ሰው ላይ ነው ቀንድ የተከሉበት?» አገርነሽ ብድግ ብላ ቆመች። «መምህር፣ ሁለት እሑድ ሙሉ ስረግመው ቆመው ያዩኛል? ዘር አይውጣለት ብያለሁ እኮ! ሙት አስረገሙኝ! በሌላ ሰው ደም አስረገሙኝ!»

«እትዬ፣ ፊልም ነው ብዬ…»

«ፊልም ቢሆንስ? ስሙን ጠርተው አይደለም የሚያሳዩት? ስም የጠሩትን ሙት እንደ ፈለጉ ማድረግ ይቻላል?» ትንፋሿን ሰበሰበች። ቀጥሎ የተናገረችውን ስትሰማ ዘይነት እጄን ጨበጠችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው ያን ጥያቄ ከአፏ የሰማነው። «ምን ይወድ ነበር?»

ክንዱ የአገርነሽን ልማድ አያውቅም፤ ለባሕር ዳር እንግዳ ነው። እንደ ተማሪ ጥያቄ ቆጥሮ መለሰ። «ግጥም ይወድ ነበር። ራሱም ገጣሚ ነው። በሞተባት ዕለት ጦሩ ፊት አንድ ግጥም ገጠመ፤ ‹ይህ አልሆነም፣ የተሻለ ልግጠም› ብሎ ሌላ ገጠመና ወደ ሞቱ ገባ ይባላል።»

«ግጥሙ አልጣመውም?»

«አልጣመውም።»

«ሊሞት ሲል?»

«ሊሞት ሲል።»

«ይህስ ባለ ሙያ ነው» አለች፤ በዓይኗ ጭምር ፈገግ አለች። «ማንን አበላ?»

«አይስላንድ የምትባል ደሴት ላይ ረሃብ ሲገባ፣ ዱቄት የጫኑ መርከቦች ልኮላቸዋል ይላል ታሪኩ።»

በዚያ ዓመት ረሃብ የሚለውን ቃል በአዳራሽ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚናገር ብዙ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሳያስበው ጓድ አዘዘን ዞሮ አየው። አዘዘ ሰዓቱን አየ።

«ጥፋቱስ?»

«እሱ ብዙ ነው፣ እትዬ። ጨካኝ ነበር። ከተማ አቃጥሏል። የሞተውም የሰው አገር፣ እንግሊዝን፣ ልውሰድ ብሎ ሄዶ ነው።»

«ይነገር! ከተማ ማቃጠሉ ይነገር፣ ዱቄቱም ይነገር። የሠራው ኃጢአት እያለ ያላበቀለውን ቀንድ ምን አስፈለገ?»

ጓድ አዘዘ ከወንበሩ ሳይነሣ ሳቀ። «ጓዶች! ለፊውዳል ንጉሥ ጠበቃ ልትቆሙ ነው? ጨቋኝ ነው። እንዲያውም ቀንድ አንሶታል!»

ጥቂት ሰዎች አብረውት ሳቁ። አገርነሽ ዞር ብላ አየችው።

«ቀንድ ማሰር ላንተ አዲስ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ቀረ። መብራት ያን ጊዜ ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እንጃ።

የመጨረሻው ክፍል የታየ እሑድ አዳራሹ ከወትሮው ይልቅ ሞልቶ ነበር። አገርነሽ መሐል ላይ ከዘይነት ጎን ተቀምጣለች፤ ያን ቀን ያለ ወትሮዋ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጦርነት ሆነ። ሐራልድ ጉሮሮውን በቀስት ተወግቶ ወደቀ። የሞተው እንዲያ ነው ብሎ ክንዱ ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘው ይኸው ሞቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ጠላቶቹ ቀንዳሙን ቆቡን ከራሱ አውልቀው ለአሳማ ደፉለት፤ አሳማው ሲሮጥ ሳቁ፤ የደስታ ሙዚቃ ተለቀቀ። ከሬሳው አጠገብ አንድ የቆመ ሰው የለም። አንዲት ሴት አልጮኸችም። ያንን ሁሉ ብር ለመርከብና ለፈረስ ሲያወጡ፣ አንዲት የምታለቅስ ሴት መቅጠር አቃታቸው?

ጓድ አዘዘ ተነሣ። «ጨቋኝ ወደቀ! ይጨብጨብ!»

ጭብጨባው ከፊት ተጀመረ። መሐል ሳይደርስ አገርነሽ ቆመች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገልብጣ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከኋላ የነበሩ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እጃቸው ነው ያወለቀው፣ እነሱ አላሰቡትም።

*ከሰሜን ባሕር ላይ በመርከብ የመጣ፣*
*ቀንድ አብቅሏል አሉት ያየው ሰው ሲታጣ።*

*ጥፋቱን አልክድም ከተማ አቃጥሏል፣*
*ደግሞም ጎልጎታ ላይ ተንበርክኮ ስሟል።*

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ግን የሷ ነው። አንዲት የፈትል ክፍል ሠራተኛ «ወየው!» አለች። ሌላዋ ተቀበለች። ጭብጨባው ሞተ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አዘዘ።

«ሰው ሞቶ አይታይህም?» አለችው።

«የሞተው እኮ በፊልም ነው!»

«ፊልሙ ባይኖርም ሞቷል፤ መምህሩ ነግረውናል። አልቃሽ ያላገኘ ሙት ነው።»

«ለፈረንጅ ይለቀሳል?»

«ለፈረንጅ አይለቀስም የሚል አዋጅ ወጥቷል እንዴ?» አለች ዘይነት ከጎኗ። «ከወጣ ይነበብልን፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሰው በልቅሶ መሐል ሳቀ። አዘዘ ለአንድ የኖርዌይ ንጉሥ ማልቀስ በየትኛው መመሪያ እንደሚከለከል ሊያስታውስ የሚሞክር ይመስል ነበር። አገርነሽ እሱን ትታ ደረቷን እየደቃች ቀጠለች።

*እናቱ የት አለች እህቱስ ወዴት ናት፣*
*የወለደችውን ጅብ ነበር ሲሉባት።*

በእኛ አገር ሙሾ እንዲህ አይቀርም። የሟቹ ስም የሚጠራበት ቦታ አለ፤ ያኔ ነው ለቀስተኛው አብሮ የሚጮኸው። ያ ቦታ ደረሰ። ሐራልድ ብላ ጨርሳ ብትቀመጥ ማንም አይነካትም ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች። አዘዘን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያም ያ ድራማ የታየበትን መድረክ አየችው።

«አምሐ!» አለች። «አምሐ ልጄ!»

*ቡና ሲለቅም ነው ዘጌ ካክስቱ ጋራ፣*
*በማያውቀው ደም ላይ ስሙ የተጠራ።*

*አረንጓዴ ሹራብ እኔው የሠራሁት፣*
*በቀንድ አስጌጡና ለመድረክ አወጡት።*

የዚያን ቀን የነበረውን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው። ልጅ የተገደለባት አገርነሽ ብቻ አልነበረችም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ዋይ ሳትል የቀረች እናት፣ እህት፣ ሚስት ሁሉ ያን ዕለት በዚያ አዳራሽ ጮኸች። አዘዘ ቴሌቪዥኑን አጠፋው፤ እንደ አጠፋው ግን ለቅሶው ይበልጥ ተሰማ። አብዮት ጠባቂዎች ገብተው አገርነሽን ያዟት። የቀበሌው ግቢ ጥግ ላይ ያለችው የቆርቆሮ እስር ቤት ውስጥ ቆለፉባት። ክንዱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም እንዳይተረጉም ታገደ። በኋላ ብዙ እሑድ ፈረንጆች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዝም ብለን አይተናል። እውነት ስለ ተናገረ ነዋ! ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይሸለም ነበር።

ሲያስሯት ግን አንድ ነገር አላሰቡም። ለእስረኛ ስንቅ ማቀበል ይፈቀዳል። በማግስቱ ዘይነት ምግብ ይዛ መጣች፤ ይዛው የመጣችው ግን የእስረኛ ስንቅ አልነበረም፣ ለሐዘንተኛ የሚወሰድ እዝን ነው፣ በትልቅ መሶብ። ሰጥታ አልሄደችም። ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡት ሴቶች መጡ፤ ተቀመጡ። ወንዶቹ በአጥሩ ጥግ ቆሙ። ከዓባይ ማዶ ሰው መጣ። «እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲሏቸው «ስንቅ አምጥተን ነው» ይላሉ። እያንዳንዱ በቆርቆሮው በኩል «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፤ ሙስሊሞቹ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላሉ። ከውስጥ «አሜን» ይሰማል። ሳያውቁት፣ ራሱ ቀበሌው የአምሐ ለቅሶ ቤት ሆነ!

የአምሐ ለቅሶ ተጀመረ የሚል ወሬ ዘጌ ደርሶ ኖሮ፣ ከዚያ ሰዎች በጀልባ መጡ። ከነሱ መሐል እማማ ወለላ የሚባሉ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ አሮጊት ነበሩ። በዘንግ እየተመሩ ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ጓድ አዘዘ ሕዝቡን ሊበትን ወጥቶ በሩ መሐል ቆሟል። በለቅሶ ቤት በር ላይ የሚቆም ወንድ ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የሟቹ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለቀስተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያጽናናው እሱን ነው። እማማ ወለላ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። ደግ ልጅ ነበር እኮ አምሐ። እኔ ከጀልባ ስወርድ እግሬ ውኃ ነክቶ አያውቅም፤ ተሸክሞ ነበር የሚያወርደኝ።»

አዘዘም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ ያሳደገችው በዚህ ሥርዓት ነው። አፉ ከሱ ቀደመ። ጎንበስ ብሎ «አሜን፤ ክፉ አይንካዎ፣ እማማ» አለ።

ሁሉም ሰማ። እሱም ራሱን ሰማ።

«ይኸው፣ ቤተ ዘመዱም ማጽናኛ ተቀበለ» አለች ዘይነት ከተቀመጠችበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አሁን ለቅሶ አይደለም የሚል ካለ ይምጣ።»

አዘዘ ማንንም አላየም። ወደ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ከቴሌቪዥኑ ቁልፍ ጋራ ባንድ ቀለበት ነው የሚይዘው። የቆርቆሮውን በር ከፈተ።

«ውጪ። ሂጂና ቤትሽ አልቅሺ።»

«እዚህ ጀምሬያለሁ፣ እዚሁ እጨርሳለሁ» አለች አገርነሽ።

ወጥታ መሐላችን መሬት ላይ ተቀመጠች። አዘዘ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሲመሽም አልወጣም። እሷ ወዲያው አልጀመረችም። እንደ ድሮዋ ዙሪያዋን አይታ፣ «ምን ይወድ ነበር?» ብላ ጠየቀችን።

ከፖሊ ቴክኒክ አብሮት የተማረ አንዱ «ራዲዮ መፍታት ይወድ ነበር፤ መግጠሙን ግን አይችልበትም» አለ። ሰው ሳቅ አለ።

«ማንን አበላ?»

«እኔን» አለ አንዱ። «እኛንም» አለች ሌላዋ። ከዘጌ የመጡት ጀልባ ላይ ያካፈላቸውን ቆሎ አነሡ።

«ጥፋቱስ?»

ስንት ዓመት ሙሉ የሌለ ጥፋት ሲለፈፍበት ኖሮ፣ አሁን ማን ደፍሮ ጥፋቱን ያውራ? ዘይነት እንኳ አቀረቀረች።

«እንግዲያ እኔ ልናገር» አለች አገርነሽ። «ቡና ሲለቅም ያልቀላውን ይለቅም ነበር። አረንጓዴውን። ተው አምሐ፣ ዛፉ ያዝናል እያልሁ ስንት ጊዜ ነገርሁት። አይሰማም። ጨርሶ ወደ ጀልባው ለመሮጥ ነው የሚቸኩለው።»

ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና ጉሮሮዋን ጠረገች።